ከቦታዋ የሸሸችው «ሐ»

ጋዜጠኝነት የሚማር ልጅ ከሒሳብ ስዕል ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘን የራሴ ስሕተት ነው።

አንድ ክረምት ከሚሴ፣ የደሴ መንገድ ዳር ካለ ኮፒ ቤት እተይብ ነበር። አንድ መምህር የሒሳብ ፈተና አመጡልኝ። አንድ ማዕዘኑ፣ ሀ ላይ ያለው፣ 90 ዲግሪ የሆነ ሦስት ማዕዘን ነው። ግርጌው ሀለ 4፣ ቋሚው ሀሐ 3 ሳንቲ ሜትር፤ ጥያቄው «ለሐ ስንት ነው?» ይላል። መልሱ 5 ነው። መስመሮቹን በማውስ ሳብኩ፤ ፊደሎቹን ለየብቻ በትንንሽ ሣጥን አስገባሁ። ፋይሉ ማተሚያ ወዳለው ኮምፒውተር ሲዛወር ግን ገጹ ተዛነፈና «ሐ» ተንሸራታ ሀ አጠገብ ቁጭ አለች። እኔም ሳላይ አባዛሁት። ብዙ ተማሪ ግርጌውን ለሐ ነው ብሎ 4 ጻፈ። መምህሩ ወረቀቱን ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ጥፋቱ የተማሪዎቹ አይደለም» ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥያቄው ተሰረዘ፤ በትክክል የሠሩትም ነጥባቸውን አጡ።

ለካ መፍትሔው ቀድሞም ነበር! አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ዶናልድ ክኑዝ የመጽሐፋቸው የሕትመት ናሙና ስላላማራቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክ የተባለውን የገጽ ማቀናበሪያ መሥራት ጀመሩ። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ ላቴክን በላዩ ገነቡ። ለስዕል ደግሞ ቲል ታንታው ቲክዝን አመጡ። ስሙ በጀርመንኛ ሲተነተን «ቲክዝ የስዕል ፕሮግራም አይደለም» ማለት ነው፤ እውነትም በማውስ አይሳልበትም።

ሥራው በጽሑፍ ነው። መጀመሪያ ነጥቦቹን እንሰይማለን፦ ሀ (0፣ 0)፣ ለ (4፣ 0)፣ ሐ (0፣ 3)። ቀጥሎ ሀን ከለ፣ ለን ከሐ አገናኝተህ ዙሪያውን ዝጋ ብለን እናዝዛለን። ፊደሉም ከነጥቡ ጋር ይታሰራል። ሐን ወደ (0፣ 5) ብንወስዳት መስመሮቹም ስሟም ይከተሏታል። ለግዕዝ ፊደል ዚላቴክ በተባለው ዝርያ ግዕዝ ያለበትን ፎንት መጥራት ይበቃል። ውጤቱ ፒዲኤፍ ስለሆነ ኮምፒውተር ቢቀየርም ገጹ አይዛነፍም። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው።

ችግር የለውም ማለቴ አይደለም። በትዕዛዙ መጨረሻ የምትገባው ምልክት ከተረሳች ስዕሉ እንቢ ይላል። ቁጥሩን ከተሳሳትን ደግሞ ስሕተታችንን አሳምሮ ይስልልናል።

ነገሩ ለእኛም ይጠቅማል። የጨፋ ሸለቆን ዝናብ በዓምድ ግራፍ ብናወጣና የዓምዶቹን ቁመት በዓይን ግምት ብንስል፣ ቁጥሩ እውነት ሆኖ ስዕሉ ይዋሻል። ለማንኛውም፣ ከማባዛታችን በፊት አንዴ እንየው። ቸር ይግጠመን!