«ይሆናል» የምትለው ቃል

አልጀብራ ለተማሪ ለምን እንደሚከብድ በተነሳ ቁጥር ሁለት ምክንያቶች ይሰማሉ። አንዱ ቋንቋ ነው፤ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በአፍ መፍቻው የተማረ ልጅ ቢዘገይ 9ኛ ክፍል ላይ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ሌላው የመምህርና የመጽሐፍ እጥረት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን በአማርኛ የሚማረውም፣ መጽሐፉን የታቀፈውም ልጅ ኤክስ ሲመጣ ግራ ይገባዋል። ለእኔ ነገሩ የሚበላሸው ገና 1ኛ ክፍል፣ የእኩል ምልክቷ ላይ ነው።

«ሦስት ሲደመር አራት እኩል ይሆናል ሰባት።» ሁላችንም በዜማ ያልነው ነው። «ይሆናል» ስንል በግራ ሥራ አለ፣ በቀኝ መልስ ይወጣል ማለታችን ነው። ምልክቷ ግን የምትለው ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው ብቻ ነው። ስድስት ዓመት «ይሆናል» ሲል የኖረ ልጅ 12 = ኤክስ + 3 ሲያይ መልሱ ቀድሞ ተጽፎ ያገኘዋል። ታዲያ ምን ይሥራ?

በቅርቡ 7ኛ ክፍል ለምትማር የጎረቤቴ ልጅ 8 + 4 = __ + 5 ብዬ ጻፍኩላት። ሳታመነታ 12 ሞላች።

«5ቱስ?» አልኳት።

አሰብ አድርጋ ከመጨረሻው «= 17» ጨመረችበት። «አሁን አለቀ ጋሼ።»

ባለሱቁ በሚዛን ምስር ሲሰፍር አስታወስኳትና ከምስሩ ጥቂት ቢያነሳ ምን እንደሚሆን ጠየቅኳት። «ያጋድላላ! ከብረቱም ማንሳት አለበት» አለችኝ። 7ን ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። ሐሳቡ ነበራት፤ ከምልክቷ ጋር ያገናኘላት ግን አልነበረም።

ክፍል ውስጥ የሚሰጣት «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለው ደንብ ነው። ተማሪ የተጨናነቀበት ክፍል የሚያስተምር መምህር አቋራጭ ቢፈልግ አልፈርድበትም። ደንቡ ለጊዜው ነጥብ ያስገኛል። 3ኤክስ = 12 ሲመጣ ግን ስንቱ ልጅ 3ን አሻግሮ፣ ቀንሶ፣ 9 ይላል!

ጉዳቱ በሒሳብ አይቆምም። ቮልቴጅ = ከረንት × ሬዚስታንስ የሚለውን ቀመር በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ከረንቱን አውጣ ሲባል እጁ ይያዛል። ፊዚክስ የከበደው ይመስለዋል፤ የከበደው ግን ያችው ምልክት ናት። ሒሳብን ሸሽቶ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚመርጠውም 12ኛ ክፍል ላይ የሒሳብ ፈተና ይጠብቀዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጠቅላላ ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ይህ ሁሉ ከእኩል ምልክት የመጣ ነው አልልም። ግን ከዚያ ውጤት ወዲህ ስለ ኩረጃና ስለ ቋንቋ የተባለው ብዙ ሲሆን፣ ስለ 1ኛ ክፍል ሰሌዳ የተናገረ አልሰማሁም።

እዚያ ሰሌዳ ላይ 7 = 3 + 4 ብሎ መጻፍ በጀት አይጠይቅም። ከልጅቷ ቤት ስወጣ የታናሽ ወንድሟን የ2ኛ ክፍል ደብተር አገላበጥኩ። ባዶ ቦታው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቀኝ በኩል ብቻ ነው።