ቦርዶ፦ ሁለት ዳርቻ፣ ሁለት ጣዕም

የቦርዶን ወይን ጠጅ ማወቅ የሚሻ ሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ሻቶዎችን (የወይን እርሻዎችን) ስም በመሸምደድ መጀመር የለበትም። አስቀድሞ ወንዞቹን ይወቅ። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ጋሮንና ዶርዶኝ ከቦርዶ ከተማ በስተሰሜን ይገናኙና ዢሮንድ ተብለው አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባሉ። ወይኑ የበቀለበትን ዳርቻ ያወቀ ጠርሙሱ ሳይከፈት ጣዕሙን በከፊል መገመት ይችላል።

በግራው ዳርቻ፣ በተለይ በሜዶክ፣ መሬቱ ጠጠር ይበዛበታል። ጠጠር ውሃ አይቋጥርም፤ ቀን የሳበውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ዘግይቶ የሚበስለው የወይን ዘር፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ የሚሻውም ይህንኑ ነው። ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ታኒን ይበዛዋል። ታኒን ለጋውን ወይን ጠጅ እንደ ወፍራም ሻይ ምላስ የሚይዝ ያደርገዋል፤ ለአሥርተ ዓመታት የሚያቆየውም እሱው ነው። ፖያክና ማርጎ የዚህ ወገን ስመ ጥር መንደሮች ናቸው።

በቀኙ ዳርቻ፣ በሳንት ኤሚሊዮንና በፖምሮል፣ ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ አለ። እዚህ ቀድሞ የሚበስለው ሜርሎ ይገንናል። ወይን ጠጁ ለስለስ ያለ፣ ፕሪም ፕሪም የሚል፣ ብዙ ጊዜም ቶሎ ለመጠጣት የሚደርስ ነው።

የእነዚህን ዘሮች ስም የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ በኢትዮጵያ ባቱ ላይ ባቋቋመው የወይን እርሻ በሚመረተው የሪፍት ቫሊ ጠርሙስ ላይ ለየብቻ ተጽፎ እናገኘዋለን። በቦርዶ ግን ልማዱ መቀላቀል ነው። ቀድሞ የሚያቆጠቁጠውን ሜርሎ የጸደይ ውርጭ ይመታዋል፤ ዘግይቶ የሚለቀመውን ካበርኔ የመኸር ዝናብ ያሰጋዋል። ሁለቱንም የተከለ አምራች አንዱ ቢከዳው በሌላው ያካክሳል።

ጣፋጭ ለሚወድ ሶተርን አለለት። ቀዝቃዛው የሲሮን ወንዝ ከሞቃቱ ጋሮን ሲቀላቀል ጉም ይነሣል፤ በጉሙ ቦትራይቲስ የተባለ ሻጋታ ፍሬው ላይ ያድራል። ከሰዓት ፀሐይ ስትወጣ ፍሬው ይጨማደዳል፤ ውሃው ሲተን ስኳሩ ይጠናል።

በ1855 እ.ኤ.አ. ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወጣው የወይን ጠጅ ደረጃ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሆኖም ከቀኙ ዳርቻ አንድም ሻቶ የለበትም፤ የፖምሮሉ ፔትሩስ ግን ዛሬ ከዓለም ውድ ወይን ጠጆች አንዱ ነው። ስለዚህ ጀማሪ በደረጃ አይመራ። በሳንት ኤሚሊዮን ለስላሳነት ይጀምር፤ ቀጥሎም ለጋ ሜዶክ ከሰባ የበሬ ጥብስ ጋር ይሞክር፤ ስቡ የታኒኑን ጥንካሬ ያለዝብለታል።