ሰዓት የተቀየረ ሰኞ ቢሮ ውስጥ ለምን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል?

ዛሬ አሜሪካ ላላችሁ ነው። በማርች ሁለተኛው እሁድ ሌሊት ሰዓቱ በ1 ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ስልካችሁ ራሱን ያስተካክላል፤ ሰውነት ግን የሚመራው በብርሃን ስለሆነ ቀናት ይፈጅበታል። ሰኞ 7 ሰዓት ላይ አላርሙ ሲጮህ ለእሱ ገና 6 ነው። አንድ ኢሜይል ሦስቴ ማንበብ፣ ስብሰባ ላይ ማዛጋት፣ መነጫነጭ ስንፍና አይደለም፤ የእንቅልፍ ዕዳ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከለውጡ በኋላ ባለው ሳምንት ሞት የሚያስከትሉ የመኪና አደጋዎች በ6% ገደማ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ማታ ኡበር ነድታችሁ ጠዋት ቢሮ የምትገቡ፣ በዚያ ሳምንት ሥራ ቀንሱ። እንቅልፍ ከመጣ መኪናውን አቁሙ፤ መስኮት መክፈት አያድናችሁም።

ከረቡዕ ጀምራችሁ በየቀኑ 15 ደቂቃ እየቀደማችሁ ተኙ። ጠዋት ውጡና ብርሃን አግኙ። ከምሳ በኋላ ቡና ይቅርባችሁ (በረካውም ጭምር 😀)።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ከዋሽንግተን ጋር የምትሠሩስ? እናንተ ሰዓት ባትቀይሩም፣ በእነሱ ጠዋት 9 ሰዓት የሚጀመረው ስብሰባ ለእናንተ ከቀኑ 11 ሰዓት ወደ 10 ሰዓት ይመጣል። ካላንደራችሁን ከአርብ በፊት እዩት።