ሁለት ጌታ ያለው ቁልፍ

ከመገናኛ ተነሥቶ በገርጂ በኩል ወደ ቦሌ የሚያልፍ መንገደኛ፣ በየሕንፃው ምድር ቤትና በየደረጃው ሥር «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈባቸውን ጠባብ ክፍሎች ሳያይ አይቀርም፤ በእነዚህም ክፍሎች የኪራይ ውል፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የሠርግ ጥሪ ከጧት እስከ ማታ ሲተየብ ይውላልና፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ኪቦርድ ላይ ሲፈራረቁ ለማየት ለሚሻ ሰው ከዚያ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። የጸሐፊዎቹ የዘወትር ምሬት ግን የወረቀት መጨናነቅና የቀለም ማለቅ ብቻ አይደለም። አንቀጹን በአማርኛ እያወረዱ ሳሉ እጃቸው ያላዘዘው የላቲን ፊደል በድንገት ይፈስሳል፤ ወይም አንድ ቃል ለመምረጥ ኮንትሮልንና ሺፍትን ይዘው ጥቂት ሲያመነቱ ቋንቋው ይለወጥባቸዋል፤ ወይም ደግሞ ትናንት ይታዘዝ የነበረው ሾርትከት ዛሬ ቢጫኑት ቢጫኑት መልስ ይነሣቸዋል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ በአካባቢው ያለው ሁሉ የሚሰጠው ፍርድ «ቫይረስ ገብቶበታል» የሚል ነው፤ የሚታዘዘውም መድኃኒት ፎርማት ነው። ፍርዱ የቸኮለ ይመስለኛል። ፎርማት የተደረገው ኮምፒዩተር ለጥቂት ቀናት መልካም ጠባይ ማሳየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ እነዚያኑ ፕሮግራሞች በዚያው ልማድ መልሶ ሲጭናቸው ጠቡም አብሮ ይመለሳል፤ ጠቡ የሥልጣን ክርክር ነውና በማጽዳት አይፈታም።

የተጫነ ቁልፍ በቀጥታ ወደ ተከፈተው ጽሑፍ አይሄድም። በቀድሞው ቤተ መንግሥት ባለጉዳይ ሁሉ አስቀድሞ በአጋፋሪው ፊት እንደሚቆም፣ አጋፋሪውም አንዱን መልሶ፣ ሌላውን ወደ ሚመለከተው ሹም መርቶ፣ የቀረውን ወደ ውስጥ እንደሚያስገባ፣ ዊንዶውስም እያንዳንዱን ምልክት ከኪቦርዱ ተቀብሎ ይመረምራል። ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት በአንድነት የተጫኑ እንደ ሆነ፣ ወይም የዊንዶውስ ቁልፍ ከኤል ጋር የመጣ እንደ ሆነ፣ ጉዳዩን ለማንም ሳያሳልፍ ራሱ ይፈጽመዋል። ከዚህ ቀጥሎ፣ መስኮታቸው ሳይታይ በስተኋላ ሆነው የሚሠሩ ፕሮግራሞች ይመጣሉ፤ እነዚህም «ይህ የቁልፍ ጥምረት የእኔ ይሁን» ብለው አስቀድመው በመዝገብ ያስጻፉ ናቸው። በዐይናችን ፊት ለተከፈተው ፕሮግራም የሚደርሰው ከእነዚህ ሁሉ የተረፈው ብቻ ነው። የመዝገቡም ሕግ ቀድሞ ለመጣ የሚፈርድ ነው፦ አንድ ጥምረት በአንድ ፕሮግራም ስም ከተጻፈ በኋላ ሌላው ያንኑ ቢጠይቅ ይከለከላል፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ደግሞ መከልከላቸውን ለተጠቃሚው አይናገሩም። ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ፕሮግራሞቹ ሁልጊዜ በአንድ ተራ አይነቁምና፣ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ይቀድማል፤ ትናንት የሠራው ሾርትከት ዛሬ ዝም የሚልበት ምሥጢርም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አንድ ጥምረት በሁለት ፕሮግራሞች ዘንድ ሁለት ትርጓሜ ስላለው ብቻ ግን ግጭት አለ አይባልም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን በፎቶሾፕ አዲስ ሌየር ይከፍታሉ፣ በክሮም ደግሞ የግል መስኮት ይከፍታሉ፤ በአንድ ጊዜ የሚሰማው ከፊት ያለው ብቻ ስለ ሆነ ሁለቱ በሰላም ይኖራሉ።

የእኛ ነገር ከሌላው የሚብስበት የራሱ ምክንያት አለው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ባሰናዱበት ዘመን ጭንቀቱ ያን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ነበር እንጂ፣ መኪናይቱ አንድ ቋንቋ ብቻ ታውቅ ነበርና የሥልጣን ክርክር አልነበረባትም። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ግን፣ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3ኛ እትም ውስጥ የራሱን ስፍራ እስኪያገኝ ድረስ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በራሱ ዘዴ እየደረደረ፣ የራሱን የአጻጻፍ ሥርዓትና የራሱን መለወጫ ቁልፍ ይዞ ይመጣ ነበር። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባቀረበው በዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት አስገባ። ስለዚህም ዛሬ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ፣ ለቆዩ ሰነዶች ተብሎ የተጫነ ፓወር ግዕዝ፣ አዲስ የመጣው ልጅ የጨመረው ኪማን፣ ከዊንዶውስም ጋር የመጣው የአማርኛ ኪቦርድ ሦስቱም በአንድ ጣራ ሥር ቢገኙ አያስደንቅም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ የነቁ እንደ ሆነ አንዱ የሠራውን ፊደል ሌላው እንደ ጥሬ ዕቃ ይቀበለውና በወረቀቱ ላይ የሚወርደው የማንም ያልሆነ ጽሑፍ ይሆናል።

በዚህ ላይ የሺፍት ነገር ይጨመራል። በድምፅ አጻጻፍ በሚሠሩት በብዙዎቹ ኪቦርዶች፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰና ኘ የሚጻፉት ሺፍት ተይዞ ስለ ሆነ፣ የአማርኛ ጸሐፊ ጣት ከእንግሊዝኛው ይልቅ አዘውትሮ ሺፍት ላይ ያርፋል። ዊንዶውስ ደግሞ ግራውን ኦልት ከሺፍት ጋር ለቋንቋ መለወጫ፣ ኮንትሮልን ከሺፍት ጋር ለኪቦርድ መለወጫ አድርጎ ይዟል፤ ሁለቱን ይዞ ሦስተኛውን ሳይጫን ሐሳቡን ለውጦ የለቀቀ ሁሉ ሳያውቅ ቋንቋ ለወጠ ማለት ነው። ሺፍትን ለብቻው አምስት ጊዜ በተከታታይ የነካም ስቲኪ ኪስ የተባለው መጠየቂያ ብቅ ይልበታል፤ ይህ ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ መያዝ ለሚያዳግታቸው ሰዎች የታሰበ መልካም ነገር ነው፣ ነገር ግን ሳያነብ «እሺ» ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ኪቦርዱን ሲረግም ይውላል።

ለዚህ ሁሉ የመጀመሪያው መፍትሔ ከማንም እርዳታ የማይሻ ነው። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግ ውስጥ ሰዓትና ቋንቋ የሚለውን፣ ከዚያም ታይፒንግን፣ ቀጥሎም የላቁ የኪቦርድ ማስተካከያዎችን ከፍቶ፣ የቋንቋ መለወጫ ቁልፎች ወደሚል ትንሽ መስኮት ሲገባ፣ ሁለቱንም ጥምረቶች «አልተመደበም» ወደሚለው መለወጥ ይቻላል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የዊንዶውስ ቁልፍ ከስፔስ ጋር ነው፤ ይህ በስሕተት የሚነካ አይደለምና ለመለወጫነት ከሁሉ ይሻላል። እዚያው ስፍራ ላይ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለየ ቋንቋ እንዲያዝ የሚፈቅድ ምልክት አለ፤ ከወርድ ወደ ኤክሴል በተሻገሩ ቁጥር ቋንቋው የሚለዋወጥባቸው ሰዎች ይህን ይመልከቱ። በወርድም ውስጥ፣ ኦፕሽን ከሚለው አድቫንስድ ሥር፣ ጠቋሚው ባረፈበት ጽሑፍ ቋንቋ መሠረት ኪቦርዱን በራሱ የሚለውጥ ትእዛዝ ተደብቆ ይገኛል። ይህ ሾርትከት እንኳ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ቋንቋ በተቀላቀለበት ውል ላይ የሚያደርሰው ብስጭት በሾርትከት ይሳበባል። ከአማርኛ ሶፍትዌሮቹም አንዱን ብቻ መርጦ ሌሎቹ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው እንዳይነሡ ማድረግ ይገባል፤ በኪማን ለእያንዳንዱ ኪቦርድ የሚፈለገውን መጥሪያ ቁልፍ ራስ መወሰን ይቻላል።

የጠፋው ሾርትከት ከቋንቋ ጋር የማይገናኝ በሆነ ጊዜ ምርመራው ይረዝማል። ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ናቸው። በቆዩ የኢንቴል ግራፊክስ ኮምፒዩተሮች ኮንትሮል፣ ኦልትና ቀስት ማሳያውን ይገለብጡታል፤ የኢንቪዲያ ካርድ መቆጣጠሪያ ኦልትንና ዜድን ለራሱ ይዟል፤ በፕሪንት ስክሪን ቁልፍ ላይ ደግሞ የዊንዶውስ መቁረጫ፣ ዋን ድራይቭና የስክሪን ፎቶ ማንሻ ፕሮግራሞች ሁሉ እጃቸውን ያነሣሉ። በዴስክቶፕ ላይ ያለ የፕሮግራም ምልክትም በፕሮፐርቲው ውስጥ የራሱ መጥሪያ ቁልፍ ሊሰጠው ይችላል፤ የሰጠው ሰው ሥራ ለቆ ሄዶም ትእዛዙ ጸንቶ ይኖራል። ግጭቱ በወርድ ውስጥ ብቻ ከታየ፣ ሪበን ማስተካከያ በሚለው ገጽ ግርጌ የኪቦርድ ማስተካከያውን ከፍቶ ጥምረቱን ቢጫኑ፣ ለየትኛው ትእዛዝ እንደ ተመደበ ወርድ ራሱ ይመሰክራል። ከወርድ ውጭ ለሆነው ሆትኪ ዲቴክቲቭ የተባለ ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ እርሱን ከፍተው የተሰረቀውን ጥምረት ሲጫኑ፣ የሰረቀውን ፕሮግራም ስም ይናገራል።

እንዲህ ያለ ረዳት በሌለበት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን ተጭኖ ታስክ ማናጀርን መክፈት፣ ከዚያም ከኮምፒዩተሩ ጋር ከሚነሡት ፕሮግራሞች እኩሌታውን አጥፍቶ ሪስታርት ማድረግ ነው። ግጭቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ከጠፉት ውስጥ ነው፤ ካልጠፋ ከቀሩት ውስጥ ነው፤ የተጠረጠረውንም ወገን እንደ ገና ለሁለት መክፈል። ፕሮግራሞቹ 16 ቢሆኑ በአራት ዙር አንዱ ላይ ይደረሳል፤ አንድ በአንድ ለሚያጠፋ ሰው ግን እስከ 15 ዙር ሊፈጅ ይችላል። ይህን ዘዴ ፎርማት ከሚባለው ሁሉ አስበልጣለሁ፤ ስምና አድራሻ ያለው ጥፋተኛ ይሰጣልና።

ከመርማሪነት በፊት ግን ኪቦርዱን ራሱን መጠየቅ አይረሳ። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ኦ በአንድነት ሲጫኑ በማሳያው ላይ ኪቦርድ ይወጣል፤ በእጅ የተጫነው ቁልፍ በዚያ ላይ ይበራል። ሺፍት ማንም ሳይነካው የሚበራ ከሆነ ቡና የፈሰሰበት ወይም አቧራ የያዘው ነው፤ ሦስት ቁልፍ ተጭነው ሁለቱ ብቻ የሚበሩ ከሆነም፣ በርካሾቹ ኪቦርዶች እንደሚሆነው፣ ሦስተኛው ከመነሻው ወደ አጋፋሪው አልደረሰም።

አንድ ኮምፒዩተር ብዙ ሰው በሚፈራረቅበት ቢሮ ደግሞ የቋንቋ መለወጫ ቁልፎቹ የሚመዘገቡት በእያንዳንዱ ተጠቃሚ አካውንት ስም ለየብቻ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጧት የገባችው ጸሐፊ ያስተካከለችው ከሰዓት በኋላ በሌላ አካውንት ለሚገባው ባልደረባዋ አይተርፍም። የመግቢያው ገጽም የራሱ ምዝገባ አለው፤ ፓስወርዱን በትክክል ጽፎ «ስሕተት ነው» የተባለ ሰው፣ ኮምፒዩተሩን ወደ ጥገና ከመላኩ በፊት በገጹ ጥግ ላይ የተጻፈው ቋንቋ አማርኛ እንዳይሆን ይመልከት።