ተጨማሪ መረጃ፦ ካሜራው ፊትን የሚያጨልመው ለምንድን ነው?

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና፣ ኦሎምፒያ አካባቢ፣ በመስታወት በር የሚገባባቸው ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። ከውስጥ ወደ በሩ የተተከለ የደህንነት ካሜራ ቀን ላይ ከፊቱ የሚያገኘው ፀሐይ የሞላበትን ጎዳና ነው። ያንን ብርሃን ለመቋቋም የምስሉን ድምቀት በሙሉ ሲቀንስ የሚገባው ሰው ፊት ጥቁር ጥላ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚረዳው ደብልዩ ዲ አር የሚባለው ቅንብር ነው፤ በአጭርና በረጅም ጊዜ የተነሡ ምስሎችን አዋሕዶ ውጩንም ፊቱንም ያሳያል።

ማታ ችግሩ ይገለበጣል።

ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ሹተሩን፣ ማለትም የብርሃን ማስገቢያውን፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍታል። በበሩ ፊት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሹተሩ ለ1/25 ሰከንድ ከተከፈተ በዚያች ቅጽበት 44 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ታርጋውም አይነበብም። በ1/500 ሰከንድ ግን የሚያልፈው ከ2 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የጎደለውን ብርሃን በጌይን፣ ማለትም ምስሉን በኤሌክትሮኒክ መንገድ በማድመቅ፣ ማካካስ ይቻላል፤ ጌይን ሲበዛ ግን ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል፣ ፋይሉም ስለሚገዝፍ የመቅጃው ዲስክ ቶሎ ይሞላል። በሩ ላይ መብራት መጨመር ከዚህ እጅግ ይሻላል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። በ60 ኸርዝ የተስተካከለ ካሜራ በእነዚህ መብራቶች ሥር አግድም መስመሮች ያሳያል። ስለዚህ ካሜራ የሚተክል ሰው አስቀድሞ 50 ኸርዝን ይምረጥ፤ ምስሉንም ቀትር ላይና ማታ ሁለቴ ይፈትሽ።