አቦል ምን ይሸታል?

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲያልቅ የኩርሙክ ሌሊት ጥርት ይላል። እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ሰሜን ያንጋጠጠ ሰው አንድሮሜዳ የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ያገኛል። እዚያ ውስጥ በባዶ ዓይን የማትታይ፣ በባይኖኩላር ግን የምትገኝ አንዲት ኮከብ አለች፤ ስሟ ቡና ነው። የሚዞራት ግዙፍ ፕላኔት ደግሞ አቦል። ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮችን ስም አውጡ ሲል ለኢትዮጵያ የደረሷት እነዚህ ናቸው።

ቡና ሲቆላ ጎረቤት ሳይጠራ ያውቃል። የሩቅ ፕላኔት አየርስ በምን ይታወቃል? ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ጥቂት ብርሃን በአየሩ ጠርዝ ሾልኮ ወደ እኛ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ጋዝም የራሱን ቀለም እየዋጠ ያስቀራል። ሥራው የኩርሙክን ወርቅ አጣቢ ያስታውሰኛል፦ አፈሩን በገበቴ እያንገዋለለ ውኃው ጭቃውን ጠርጎ እስኪወስድ ይታገሣል፣ በመጨረሻ ከጥቁሩ አሸዋ ጫፍ ላይ የምትብለጨለጨውን ቅንጣት ያያል። እዚህ ጭቃው የኮከቡ ብርሃን ነው።

የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2022 ዋስፕ-39ቢ በተባለ ፕላኔት ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ክብደቱ እንደ ሳተርን፣ ሙቀቱ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ አንድ ዙሩ አራት ቀን ብቻ። መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተገኘ። ከዚያ ድኝ ሲቃጠል አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ መጣ። እኔን የገረመኝ ሁለተኛው ነው፤ ጋዙን የሠራው የኮከቡ ብርሃን ራሱ ነውና። ብርሃኑ የውኃ ትነቱን ይሰነጥቃል፣ ስንጥቁም በአየሩ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ይዋሐዳል።

ሙቀትም ይፈርዳል። በጋሉት ግዙፎች ካርቦኑ በብዛት ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ቀዝቀዝ ባሉት ግን፣ እንደ ጁፒተር፣ ሚቴን።

አቦል ከየትኛው ወገን ነው? እስካሁን የታወቀው ኮከቧን ወዲያ ወዲህ በመጎተቱ እንጂ በፊቷ ሲያልፍ ታይቶ አይደለም። ክብደቱ ቢያንስ የጁፒተር አራት እጥፍ ነው፤ አንድ ዙሩ 1000 ቀን ገደማ ይፈጃል። መንገዱ የተለጠጠ በመሆኑ አንዴ ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ይልቅ ወደ ኮከቧ ይቀርባል፣ አንዴ ከሦስት እጥፉ በላይ ይርቃል። ሽታው ገና አልደረሰንም። እስከዚያው ሌላ ፕላኔት አጠገቡ ከተገኘ ስሙ ላይ ክርክር አይኖርም፤ ቶና ነው።