የሻወር ግድግዳን ለሴራሚክ ማዘጋጀት

የሻወር ግድግዳን ለሴራሚክ ማዘጋጀት ማለት በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ በቀጥታ የሚያርፍበትን ግድግዳ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ማጽዳት፣ መለሰን፣ ማስተካከልና ውሃ እንዳያሳልፍ ማድረግ ነው። ይህ ሥራ ሲያልቅ በሴራሚኩ ስለሚሸፈን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የሻወር ቤት ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው ግን በዚሁ በማይታየው ክፍል ነው። ጽሑፉ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በሚገኙት የግድግዳ ዓይነቶች ላይ ያተኩራል።

ሴራሚክ ውሃ ይከላከላል?

ሴራሚክ የተለጠፈበት ግድግዳ ውሃ አያስገባም የሚል አስተሳሰብ አለ። የሴራሚኩ አንጸባራቂ ፊት በእርግጥ ውሃ አያሳልፍም። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ግን ያሳልፋል። መጋጠሚያው የሚሞላበት ነጭ ሲሚንቶ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ግድግዳው በሙቅ ውሃ ሲሞቅና መልሶ ሲቀዘቅዝም ቀጫጭን ስንጥቆች ይፈጠሩበታል። ስለዚህ ሰው በታጠበ ቁጥር ጥቂት ውሃ ወደ ኋላ ይሰርጋል። የኋለኛው ግድግዳ ውሃውን ካልመለሰው ልስኑ ይረጥባል፣ ሴራሚኩ ይለቃል፣ በሌላው ክፍል በኩል ያለው ቀለም ይላጣል፣ ሻጋታም ይበቅላል።

የግድግዳ ዓይነቶች በምዕራብ ሸዋ

አምቦ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዚሁ መንገድ ላይ እንዳሉት ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ ሁሉ በአምቦም የጭቃ ቤትና የብሎኬት ቤት ጎን ለጎን ይገኛሉ።

የጭቃ ቤት፦ ቋሚዎቹና ማገሩ ብዙ ጊዜ ከባሕር ዛፍ፣ ምርጊቱ ደግሞ ከጭድ ጋር ከተቦካ ጭቃ ይሠራል። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። የሲሚንቶ ልስን ግን ግትር ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም። ከጊዜ በኋላ ልስኑ ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል፤ የገባውን ውሃ ደግሞ በቀላሉ እንዳይወጣ ያፍነዋል። ውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይስበዋል። ቤቱን የተሸከሙት እነዚያው ቋሚዎች ስለሆኑ ጉዳቱ በሻወር ቤቱ ብቻ አይወሰንም።

በጭቃ ግድግዳ ላይ የሽቦ ወንፊት በምስማር መትቶ በሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ነው። ይህ ልስኑ እንዳይወድቅ ይረዳል፤ በየቀኑ ውሃ ለሚፈስበት ቦታ ግን በቂ አይደለም። የሚሻለው ለሻወሩ ብቻ የድንጋይ መሠረት ያለው የብሎኬት ግድግዳ ከጭቃው ለይቶ መሥራት ነው።

የብሎኬት ቤት፦ ብሎኬት አይበሰብስም፤ ነገር ግን ውስጡ ክፍት ነው። የገባው ውሃ በክፍተቱ ወርዶ ከታች ይጠራቀምና በጎረቤት ክፍል ግርጌ ይወጣል። በዚህ ምክንያት እርጥበቱ የታየበት ቦታና ውሃው የገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. መመርመር፦ የቆየ ልስን በጣት ወይም በሳንቲም ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከግድግዳው ለቋልና መነሳት አለበት። ቀለም፣ ዘይትና የሳሙና ቅሪትም ተፍቆ ይጸዳል። ጀሶ ካለ ሙሉ በሙሉ ይነሳል፤ ጀሶ በእርጥበት ይለሰልሳል፣ ከእርጥብ ሲሚንቶ ጋር ሲገናኝም እየተነፋ ሴራሚኩን ሊያስለቅቅ ይችላል።

2. ቧንቧ፦ የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ መስመሮች ተቀብረው ከመለሰናቸው በፊት ውሃ ተሞልተው በግፊት ይፈተሻሉ። በዚህ ጊዜ የተገኘ ፍሳሽ በደቂቃዎች ይጠገናል፤ በኋላ የተገኘ ግን ሴራሚክ ያስፈርሳል። የውሃ ማሞቂያው የሚንጠለጠልባቸው ብሎኖች ቦታም አሁኑኑ ይወሰናል።

3. ልስን፦ ብሎኬቱ ውሃ ይረጭበታል፤ ደረቅ ብሎኬት የልስኑን ውሃ መጥጦ ያደክመዋል። በመጀመሪያ ቀጠን ያለ የሲሚንቶና የአሸዋ ውህድ ተረጭቶ ሸካራ ፊት ይፈጠራል። ከዚያ 1 እጅ ሲሚንቶ ከ3 እስከ 4 እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ይለሰናል። አፈር የበዛበት አሸዋ ልስኑን ያሰነጥቃል። የላይኛው ፊት ማጣበቂያ እንዲይዝ ሻከር ብሎ ይተዋል እንጂ አይለሰልስም።

4. ማስተካከል፦ ግድግዳው በቱንቢና በውሃ ልክ ይለካል። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ ሲደገፍበት ከሥሩ የሚታየው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ጉድጓድን በልስን መሙላት እንጂ በወፍራም ማጣበቂያ መደበቅ አይገባም።

5. ውሃ ማጠጣትና ማድረቅ፦ ልስኑ ለ7 ቀን ያህል እየረጠበ ይቆያል፤ ከዚያ እንዲደርቅ ይተዋል። ከልስን እስከ ሴራሚክ በጠቅላላው ቢያንስ 2 ሳምንት፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ መጠበቅ ያሻል።

6. ውሃ መከላከያ፦ በሲሚንቶ ላይ የተመሠረተ የሚቀባ ውሃ መከላከያ 2 ጊዜ ይቀባል፤ የመጀመሪያው ወደ ላይና ወደ ታች ከሆነ ሁለተኛው ወደ ጎን። በማዕዘኖች፣ ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ቦታና በቧንቧ ዙሪያ ማጠናከሪያ ጨርቅ በመካከል ይገባል። ቅቡ ከወለሉ ተነሥቶ ከሻወሩ ራስ በላይ ማለፍ አለበት። ልስን ውስጥ የሚጨመር ውሃ መከላከያ ኬሚካል ስርገቱን ይቀንሳል እንጂ ቅቡን አይተካም።

7. መፈተሽ፦ ወለሉ ወደ ፍሳሹ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ቅቡ ከደረቀ በኋላ ፍሳሹ ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ ለ24 ሰዓት ይተኛል። በግርጌና በጎረቤት ክፍል እርጥበት ካልታየ ሴራሚክ መለጠፍ ይቻላል።

ሲሚንቶ

ሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካና በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ዳንጎቴ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሁለቱም በምዕራብ ሸዋ፣ አደአ በርጋ ወረዳ ይገኛሉ። ለልስን ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ፖዞላና የተቀላቀለበት ፒፒሲ የተባለው ሲሚንቶ ነው። ይህ ዓይነት ጥንካሬውን የሚያገኘው ከኦፒሲ ቀስ ብሎ ስለሆነ ውሃ ማጠጣቱ ቶሎ መቋረጥ የለበትም።

የወጪ ንጽጽር

ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር የሆነ ሁለት ግድግዳ ያለው የማዕዘን ሻወር ስፋቱ 3.6 ካሬ ሜትር ነው። ይህን በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለመለሰን 72 ሊትር ያህል ውህድ ያስፈልጋል፤ በ1 ለ4 ድብልቅ ሲሚንቶው 30 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት እንኳ አያልቅም። ዝግጅቱ የሚጠይቀው ትልቁ ነገር የመጠበቂያው ጊዜ ነው። ሳይዘጋጅ የተለጠፈ ሴራሚክ ሲለቅ ግን አብዛኛው ተሰብሮ ስለሚነሳ ሴራሚኩም፣ ማጣበቂያውም፣ የእጅ ዋጋውም እንደገና ይከፈላል።

የተለመዱ ስህተቶች

በቀለም ወይም በጀሶ ላይ መለጠፍ፤ ልስኑ ሳይደርቅ መቀባት፤ ማዕዘኖችን ያለ ማጠናከሪያ መተው፤ ማጣበቂያውን በሴራሚኩ አራት ማዕዘን ብቻ ጠብ አድርጎ በመሃል ባዶ ቦታ መተው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ለሳሙና ማስቀመጫ ግድግዳውን መብሳት። የመጨረሻው ግድ ከሆነ ቀዳዳው ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በሲሊኮን ይሞላል።